እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ የጨርቅ አሻንጉሊት አሰፋፍ

«ክንዱ ተሰፍቶ እያለ እንዴት ነው የሚዞረው?» ሐረር ውስጥ የሠራሁትን አሻንጉሊት በእጁ ያነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ከድሬዳዋ የሚደውሉልኝ ዘመዶቼም ጥያቄያቸው ያው ነው፤ ሞክረው ያቃታቸው ደግሞ «አቦ፣ አልዞርም አለኝ እኮ!» ይላሉ። በስልክ ማስረዳት ስላልሆነልኝ፣ ከጨርቅ መረጣ እስከ እጥበት ያለውን በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

የምንሠራው ቁመቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ አሻንጉሊት ነው። ትከሻውና ዳሌው ይዞራል፤ ክርኑና ጉልበቱ ይታጠፋል። ይቀመጣል፣ እጁን ያነሳል፣ ይንበረከካል። ብቻውን ግን አይቆምም፤ ያንን አትጠብቁበት። የስፌት መኪና ከሌላችሁ ሁሉንም በእጅ መስፋት ትችላላችሁ። ቀን ይፈጃል እንጂ ጥንካሬው አይጎድልም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ለሰውነቱ ግማሽ ሜትር የማይለጠጥ የጥጥ ጨርቅ። ቡናማ ፖፕሊን ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፤ ካጣችሁ አቡጀዲ።
• ለልብሱ ብጣሽ ጨርቅ። ሐረር ከሆናችሁ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ጋ ማምሻውን፣ ወለሉን ሳይጠርጉ ሂዱ። ድሬዳዋ ያላችሁ ሰፈራችሁ ያለውን ልብስ ሰፊ ጠይቁ። ያረጀ ሽርጥና ድሪያም (የሴቶች ሰፊ ስስ ቀሚስ) ለዚህ ይሆናል።
• ለስፌቱ ከጨርቁ ጋር የሚመሳሰል ተራ ክር።
• ለመገጣጠሚያው ጠንካራ ክር፦ የጂንስ ክር ወይም ጫማ የሚሰፋበት ናይለን። ተራ ክር እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ክንዱ በዞረ ቁጥር እየተፋተገ ይበጠሳል።
• አንድ ተራ መርፌ፣ አንድ 12 ሳንቲ ገደማ የሚረዝም የፍራሽ መርፌ።
• 4 ጠፍጣፋ ቁልፎች፣ ስፋታቸው 1.5 እስከ 2 ሳንቲ። የሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል፤ የኮት ቁልፍ ይሁን።
• ሙሌት፦ ትራስ የሚሞላበት ፋይበር፣ 300 ግራም ያህል።
• ከቁምጣ ወይም ከሱሪ የተረፈ ትንሽ ጂንስ።
• የሹራብ ክር ለፀጉር፣ የጥልፍ ክር ለፊት።
• መቀስ፣ ስፒል፣ ካርቶን፣ እርሳስ፣ ሜትር፣ ስስ የሳሙና ስባሪ።

ስለ ሙሌቱ አንድ ነገር ልጨምር። ጥጥም ይሆናል፤ ነገር ግን ከታጠበ በኋላ ቶሎ አይደርቅም። ድሬዳዋ ላይ ፀሐዩ ያደርቅላችኋል። ሐረር ላይ በክረምት ከሆነ ግን ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይሸታል። ካረጀ ፍራሽ የወጣ ጥጥ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ አቧራም ተባይም ይዞ ይመጣል። ሩዝ ወይም ምስር የሚሞሉ አሉ። ነቀዝ ያፈላል፤ ሲታጠብም ያብጣል። ይቅርባችሁ።

ሳትጀምሩ ይህን አንብቡ

አሻንጉሊቱ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከሆነ ቁልፍም ዶቃም አይኑርበት። ትንንሽ ልጆች ያገኙትን ሁሉ ወደ አፍ ይከታሉ፤ የተነቀለ ቁልፍ ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል። ዓይኑን በክር ጥለፉት። ለመገጣጠሚያው ምን እንደምትጠቀሙ ቁጥር 8 ላይ አለ።

ስፒሎቻችሁን ስትጀምሩ ቁጠሩ፤ ስትጨርሱም ቁጠሩ። ሙሌት ውስጥ የቀረ ስፒል ከውጭ አይታይም፤ የሚገኘው ልጁ ሲያቅፈው ነው።

አሠራሩ

1. ጨርቁን እጠቡና ተኩሱ።
አዲስ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሳታጥቡ ከሰፋችሁት ሰውነቱ ኋላ ይሸበሸባል፣ ስፌቱም ይወጠራል። ቀለም የሚለቅ ጨርቅ መሆኑንም ያኔውኑ ታውቃላችሁ። ቀይና ጥቁር ብጣሾችን ለብቻ እጠቡ።

አቡጀዲውን የቆዳ መልክ ለመስጠት ሻይ ቅጠል ይበቃል። በ1 ሊትር ውሃ 5 ወይም 6 የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል አፍሉ፣ አጥልሉት፣ ጨርቁን በንጹህ ውሃ አርሳችሁ ክተቱት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እያገላበጣችሁ ያዙት። ደረቁን ከከተታችሁት ቀለሙ ዥንጉርጉር ይሆናል። እርጥብ ጨርቅ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ደግሞ «በቃ» ከምትሉት ትንሽ አሳልፉት። በሻይ የሚገኘው ጠይም ነው፤ ጠቆር ያለ መልክ ከፈለጋችሁ ቡናማ ጨርቅ ግዙ።

2. ንድፉን ካርቶን ላይ ሥሩ።
ልኮቹ የስፌቱ መስመር የሚያርፍበት ናቸው፤ ከስፌቱ ውጭ የሚቀረው ትርፍ ጨርቅ ኋላ ይጨመራል።

ራስና ገላ አንድ ላይ፦ ራሱ ቁመቱ 10፣ ስፋቱ 10 ሳንቲ። አንገቱ ቁመቱ 2፣ ስፋቱ 5። ገላው ቁመቱ 14፣ ስፋቱ 10፤ ትከሻውም ታችኛው ጥጉም ክብ ይሁን።
ክንድ፦ ቁመቱ 16፣ ስፋቱ 5፣ ሁለቱም ጫፍ ክብ።
እግር፦ ቁመቱ 20፣ ስፋቱ 6፤ ላይኛው ጫፍ ክብ፣ ታች ላይ ወደ ፊት የወጣ እግር መዳፍ።

ካርቶኑ ላይ ሲታይ ወፍራም ይመስላል፤ አትቀንሱት። ጠፍጣፋ ጨርቅ ሲሞላ ወርዱ ይጠባል። 5 ሳንቲ የነበረው ክንድ ከሞላ በኋላ ከ3 ብዙም አይበልጥም። ራሱ ከ10 ወደ 7 ተኩል ገደማ ይወርዳል። አንገቱን «ቀጭን ይሁን» ብላችሁ ካሳነሳችሁት ደግሞ ራሱ ወደ ጎን ይወድቃል።

3. መጀመሪያ ስፉ፣ ከዚያ ቁረጡ።
ጨርቁን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ እጠፉት። ካርቶኑን አስቀምጡና በሳሙናው ዙሪያውን አስምሩ። አንድ ራስና ገላ፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግር። በመሃላቸው 2 ሳንቲ ክፍተት ተዉ። ክንዱና እግሩ በጨርቁ ቁመት፣ ማለትም በድሩ አቅጣጫ ይተኙ። በሰያፍ ከቆረጣችሁት ሲሞላ ይለጠጥና ግራው ከቀኙ ይረዝማል።

አሁን ሁለቱን ንብርብር በስፒል ያዙና መስመሩ ላይ ስፉ። ቆርጦ ከዚያ መስፋት የለመደው ሰው ይገርመዋል፤ ግን ትንንሽ ቁራጮች እጅ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ጠርዛቸውም ይተረተራል። ቀድሞ የተሰፋ ግን መስመሩን አይስትም።

ስፌቱ ደቃቅ ይሁን፤ በ1 ሳንቲ ውስጥ መርፌው 5 ጊዜ ይውጋ። በእጅ ስትሰፉ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እያላችሁ ሂዱ። ሙሌቱ ስፌቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ሳሳ ያለ ስፌት ክሩ እያሳየ ይከፈታል።

የመሙያ ክፍተት መተው አትርሱ፦ ገላው ላይ በአንዱ ጎን መሃል 5 ሳንቲ፣ ክንዱና እግሩ ላይ በኋላ በኩል ከላይኛው ክብ በታች 4 ሳንቲ። ክቡን ራሱን ክፍት አትተዉት። የሚዞረው ክፍል እሱ ስለሆነ ልሙጥ መሆን አለበት።

4. ትርፉን ቀንሱ፣ ማጠናከሪያ ስፉ፣ ገልብጡ።
ከስፌቱ ውጭ ግማሽ ሳንቲ ትታችሁ ቁረጡ፤ ክፍተቱ ጋ 1 ሳንቲ ተዉ። አንገቱ ላይ ወደ ውስጥ የገባውን ጥምዝ በመቀስ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት፣ ስፌቱ ሳይነካ። ይህ ካልተደረገ ሲገለበጥ አንገቱ ይጨማደዳል። ወደ ውጭ የወጣው ጥምዝ ላይ፣ ራሱና መዳፉ ጋ፣ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ቁረጡለት፤ ትርፉ ውስጥ ተደራርቦ እንዳይጎረብጥ።

ቀጥሎ ገላው ሳይገለበጥ አራቱ መገጣጠሚያ ነጥቦች ላይ ምልክት አድርጉ። ትከሻው ላይ ከጫፉ 2 ሳንቲ ተኩል ዝቅ፣ ዳሌው ላይ ከታች 2 ሳንቲ ከፍ፣ አራቱም የጎን ስፌቱ ላይ። በየነጥቡ 3 በ3 የሆነ ጂንስ በእጅ ለጥፋችሁ ስፉ። የአሻንጉሊቱ ጭነት ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅ በአንድ ክንዱ አንጠልጥሎ ነው የሚጎትተው። ያለ ጂንሱ ስፌቱ እዚያው ጋ ይቀደዳል።

ስትገለብጡ በመቀስ ጫፍ አትግፉ፤ ይበሳል። የእርሳስ ደንደሱ ይበቃል።

5. ራሱንና ገላውን ሙሉ።
ፋይበሩን በትንሽ በትንሹ እያባዘታችሁ፣ ከሩቁ ጥግ ጀምሩ። ትልቅ ድብልብል ከከተታችሁ ውስጡ እብጠት ይሆናል፤ ኋላ አይስተካከልም። ራሱን ጠንከር አድርጋችሁ ሙሉ። አንገቱ ጋ ስትደርሱ ከብጣሽ ጨርቅ ጥብቅ ጥቅል ሠርታችሁ፣ ግማሹ ራሱ ውስጥ ግማሹ ደረቱ ውስጥ እንዲሆን አስገቡና ዙሪያውን ሙሉ። እንጨት የሚከቱ አይቻለሁ። ይሰበርና ጨርቁን ቀዶ ይወጣል፤ ለልጅ መጫወቻ አይሆንም።

ክፍተቱን ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ዝጉት። መርፌው አንዴ ከዚህኛው ጠርዝ፣ አንዴ ከዚያኛው ትንሽ ትንሽ እየያዘ ይሂድ፤ ክሩን ስትስቡት ሁለቱ ይገጥሙና ስፌቱ ይጠፋል። ክንዱም ስለሚሸፍነው አትጨነቁ።

6. ክርንና ጉልበት።
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

እግሩን ከመዳፉ ጀምራችሁ 9 ሳንቲ ያህል ሙሉት። ከዚያ በላይ 1 ሳንቲ ባዶ ተዉ። ባዶው ላይ አግድም ስፌት ይሰፋል፤ ከሱ በላይ ጭኑ ይሞላል። ጉልበቱ የሚታጠፈው በዚህ ስፌት ላይ ነው።

ጥያቄው ስፌቱ በየት አቅጣጫ ይሂድ የሚለው ነው። እግሩን ከጎን ዓይታችሁ ስለቆረጣችሁት ሁለቱ ስፌቶች አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ናቸው። ባዶውን ቦታ እንዳለ ጠፍጥፋችሁ ከሰፋችሁት መስመሩ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጉልበቱም ወደ ጎን ይታጠፋል። የተሰበረ እግር ይመስላል። ስለዚህ ባዶውን ቦታ በሁለት ጣት ይዛችሁ አዙሩት። የፊቱ ስፌት ከኋላው ስፌት ጋር ተደራርቦ መሃል ላይ ይተኛ። እንዲህ ሆኖ ሲጠፈጠፍ መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በስፒል ያዙት፣ እጠፉና ሞክሩት፣ ወደ ኋላ ከታጠፈ ሁለቴ ደርባችሁ ስፉት።

ክንዱም እንዲሁ ነው። ከእጁ 7 ሳንቲ ሙሉ፣ 1 ሳንቲ ተዉ፣ ስፌት በስፌት ላይ ደርባችሁ ስፉ፣ ቀሪውን ሙሉ፣ ክፍተቱን ዝጉ።

ላይኛውን ክብ ከመጠን በላይ አታጭቁት። ከገላው ጋር የሚጠጋው በኩል ትንሽ ለስለስ ካለ ጥሩ ይቀመጣል። እንደ ኳስ ከተነፋ ክንዱ ከገላው ርቆ ይንጠለጠላል።

7. ፊትና ፀጉር።
ፊቱን የምንጠልፈው ክንዱና እግሩ ሳይገጠም ነው፤ ለመያዝ ይቀላል። ዓይኑን የራሱ ቁመት እኩሌታ ላይ፣ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ከፍ ካለ አሻንጉሊቱ ትልቅ ሰው ይመስላል። መጀመሪያ ስፒል ሰክታችሁ ከሩቅ እዩት፤ ስፒል ማዛወር ጥልፍ ከመፍታት ይሻላል። መርፌውን ከራሱ ኋላ አስገቡ፣ ቋጠሮውም እዚያው ይቅር። ፀጉሩ ይሸፍነዋል።

ለፀጉሩ የሹራብ ክሩን በ30 ሳንቲ ቁረጡ፣ መሃሉን በስፌት ያዙና ከግንባር እስከ ማጅራት ባለው መስመር ላይ ስፉት። ከዚያ ሹሩባ መሥራት ነው። ለሕፃን ከሆነ ፀጉሩን አጭር አድርጉት፤ ረጅም ክር ጣትና አንገት ላይ ይጠመጠማል።

8. ትከሻና ዳሌ፦ የሚዞረው ክፍል።
የባጃጅ ጎማ የሚዞረው በአንድ ዘንግ ላይ ስለሆነ ነው። የእኛ ዘንግ ክሩ ነው። ክሩ ገላውንም ክንዱንም ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ነጥብ ማለፍ አለበት። ሁለት ቦታ ካለፈ ክንዱ ተሰፋ እንጂ አልተገጠመም፤ አይዞርም። «አልዞርም አለኝ» የሚለው ሁሉ ችግሩ ይሄው ነው። ክሩ የሚለያየው ቁልፉ ቀዳዳ ላይ ብቻ ነው።

ሀ. ሦስት ሜትር ያህል ጠንካራ ክር ፍራሽ መርፌው ውስጥ ከቱ፣ ደርቡ፣ ጫፉን ቋጥሩ። ክንዱ ላይ ከላይኛው ጫፍ 2 ሳንቲ ዝቅ ብሎ መሃሉን ምልክት አድርጉ፣ ከውስጥም (ገላው ጋ በሚያርፈው በኩል) ከውጭም።

ለ. መርፌውን በግራ ትከሻ ነጥብ አስገቡና በቀኝ ትከሻ ነጥብ አውጡ። ቋጠሮው ኋላ በግራው ክንድ ይሸፈናል። መርፌው ካጠረ ገላውን በእጅ ጨፍልቁት።

ሐ. የቀኙን ክንድ ከውስጥ ወደ ውጭ ወግታችሁ ቁልፉን አስገቡ። በሌላው ቀዳዳ ተመልሳችሁ ክንዱን ወደ ውስጥ ውጉ። መርፌው የሚወጣው ቅድም በገባበት ነጥብ ይሁን። ገላውንም በዚያው ነጥብ አልፋችሁ ግራ ትከሻ ላይ ውጡ።

መ. የግራውን ክንድና ቁልፍ በዚሁ መንገድ ሥሩና ተመለሱ። ይህ አንድ ዙር ነው። 3 ወይም 4 ዙር አድርጉ። በየዙሩ ሁለቱን ክንዶች በአንድ እጅ ወደ ገላው ተጭናችሁ ክሩን ሳቡ። ቁልፉ ክንዱ ውስጥ ትንሽ ጎድጎድ ማለት አለበት።

ሠ. ስትጨርሱ መርፌውን በግራው ክንድና በገላው መሃል አውጡ። ክሩን በመሃላቸው ባለው የክር ዘለላ ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፣ 3 ጊዜ ቋጥሩ፣ መርፌውን ገላው ውስጥ አሳልፋችሁ ራቅ ብሎ ሲወጣ ክሩን ከሥሩ ቁረጡት። ጭራው ውስጥ ይቀራል፤ ቋጠሮው እንዳይፈታ የሚይዘው እሱ ነው።

እግሮቹም በዳሌው ነጥብ በዚሁ መንገድ ይገጠማሉ። መዳፎቹ ወደ ፊት፣ ጉልበቶቹ ወደ ኋላ የሚታጠፉ መሆናቸውን ሳትወጉ አረጋግጡ።

ለትንሽ ልጅ፦ በቁልፉ ፈንታ ከጂንስ 2 ሳንቲ ስፋት ያላቸው ክቦች ቁረጡ። ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሦስቱን ደርባችሁ ዙሪያቸውን ስፉ። ክሩ የክቡን መሃል በ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሁለት ቦታ ይለፈው። ሥራው የቁልፉ ነው፤ ቢነቀል እንኳ ጨርቅ ነው። ቢሆንም ላልቶ ካያችሁት ቶሎ መልሳችሁ ስፉት።

9. ፈትኑት።
ክንዱን ወደ ፊት አግድም አንሱና ልቀቁት። ባለበት ከቆየ ልኩ ነው። ከወደቀ ላልቷል። አዲስ ሲሆን ትንሽ ጠንከር ማለቱ ይመረጣል፤ ሙሌቱ በጨዋታ እየተጨፈለቀ ሲሄድ ራሱ ይለቃል። ቀጥሎ አራቱንም በትልቅ ሰው ጉልበት ሳቧቸው። ክር ከተንጣጣ ወይም ስፌት ከታየ ለልጁ ሳትሰጡ አድሱት። በመጨረሻ መላ ሰውነቱን በመዳፋችሁ እየጨመቃችሁ ስፒል ፈልጉ።

10. ልብሱ።
ክንዱ ስለሚነሳ ማልበስ ቀላል ነው፤ ግን ቁልፎቹ ስለሚወጡ እጅጌውን ሰፋ አድርጉት። ወገብ ላይ ላስቲክ ይበቃል። ድሪያ ለማልበስ ከስስ ጨርቅ 25 በ50 ሳንቲ ቆርጣችሁ እጠፉ፣ ለአንገት ቅደዱ፣ ጎንና ጎኑን ለክንድ ክፍት ትታችሁ ስፉ። ወንዱን ሽርጥ ማልበስ ደግሞ መርፌም አይፈልግ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ጀርሲ ጨርቅ መጠቀም። ይለጠጣል፤ እያንዳንዱ እብጠት ከውጭ ይታያል።

ሳቲን ለሰውነት መጠቀም። ያብረቀርቃል፣ ያምራል፣ ከዚያ ክሩ ከጠርዙ እየተፈታ ስፌቱ ይለቃል። ለልብስ ይሁን።

አንዱ ክንድ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ማለት። ነጥቡን በዓይን ግምት ስላደረጋችሁት ነው። በሜትር ለኩ።

አሻንጉሊቱ ሲቀመጥ ወደ ኋላ መውደቅ። ዳሌው ላይ ሙሌቱ አንሷል፣ ወይም ራሱ በጣም ከብዷል። የገላውን ክፍተት ፈታ አድርጋችሁ ታች ላይ ጨምሩ።

እጥበትና ጥገና

ልብሱን አውልቁና ገላውን በቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና እያሻሻችሁ እጠቡ። አትጠምዝዙት፤ ሙሌቱ ይጓጉላል፣ መገጣጠሚያውም ይወጠራል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ስታደርቁ በክንዱ አታንጠልጥሉት፤ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ አስተኙት፣ እያገላበጣችሁ። በሻይ የነከራችሁት ጨርቅ በየእጥበቱ ትንሽ ይሳሳል።

መገጣጠሚያው ከላላ የድሮውን ክር ቀድማችሁ አትቁረጡት። አዲሱን ክር በዚያው ነጥብ፣ በዚያው ቁልፍ ሁለት ዙር አሳልፉ፣ አጥብቁ፣ ቋጥሩ። የድሮው ከዚያ በኋላ ቢወጣም ክንዱ ቦታውን አይስትም።